ባለቤት ያጣች ዐረፍተ ነገር

የጋሽ ኑሩን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች በማለዳ ቤት ድረስ መጥተው፣ ሰውየውን አስቀምጠው ነው የሚያረዱት። የሰፈራችን እድር ዕቃ ጠባቂ እትዬ ጥሩዬ ግን እኔ ያለሁበት ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሽማግሌ መላክ ስላልቻሉ እንደሚሆንላቸው አደረጉት። መጀመሪያ ምሳ መብላቴን ጠየቁኝ። ቀጥለው ብቻዬን መሆን አለመሆኔን ጠየቁኝ። ከዚያ "እስቲ ተቀመጪ" አሉኝ። አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ።

"ጋሽ ኑሩ አረፉ ልጄ። ትናንት ሞጣ ቀበርናቸው። ከብቸና በሁለት ሚኒባስ ሄድን።"

 ቀጥለውም፣ "ታመው ተኝተው እንኳ ያቺ ካቻቪቴ ከኮታቸው ኪስ አልወጣችም አሉ። ጠያቂ ሲመጣ 'የተበላሸ ነገር ይዘሃል?' ይሉ ነበር አሉ" ብለው ሳቁ። እኔም እያለቀስሁ ሳቅሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ግራ ገብቷት አየችኝ። ማን እንደሞተብኝ ስትጠይቀኝ፣ አባቴም አጎቴም መምህሬም እንዳልሆኑ ነገርኋት። "ታዲያ ምንሽ ናቸው?" አለችኝ። ይህን የምጽፈው ለእርሷ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

ጋሽ ኑሩ ሞጣ ላይ፣ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። በወጣትነታቸው የጽሕፈት መኪና ይጠግኑ ነበር። የጽሕፈት መኪና ከገበያ ሲጠፋ ሬዲዮ ጠገኑ፤ ከዚያ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በመጨረሻ ኮምፒውተር። "እኔ ሥራ ቀይሬ አላውቅም፤ ዕቃው ነው የሚቀየርብኝ" ይሉ ነበር። መነጽራቸው በአንድ በኩል እጀታ ስላልነበረው በጥቁር ክር ጆሯቸው ላይ ያስሩታል። የሰውን ዕቃ ሁሉ የሚጠግኑ ሰው መነጽራቸውን ለምን እንደማይጠግኑ አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

"የራስ ዕቃ ወረፋው ረጅም ነው" አሉኝ።

ያወቅኋቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት ነው። የተወለድሁት ብቸና ነው። የሰፈራችን እድር አዳራሽ ጥግ ላይ አንዲት የንባብ ክፍል አለች። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የብቸና ተወላጅ ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ልኮላት ነበር። ትንሽ ጊዜ ከሠሩ በኋላ "የፕሮግራሙ ጊዜ አልቋል፤ ይግዙ" የሚል ጽሑፍ ማውጣት ጀመሩ። በዚያ ላይ በፍላሽ የመጣ ቫይረስ ተጨመረባቸው። በመጨረሻ በጨርቅ ተሸፍነው ተቀመጡ።

ፈተናችን ግን የሚሰጠው በኮምፒውተር ነበር። እኔ ማውስ በቅጡ የጨበጥሁት ፈተናው አዳራሽ ውስጥ ነው። መልሱን እያወቅሁት ቀስቷን ቦታዋ ላይ ማድረስ አቅቶኝ ስታገል የባከነብኝን ጊዜ መቼም አልረሳውም። የሚቀጥለው ዓመት ተረኛ ታናሽ እህቴ ነበረች። የእድሩ ኮሚቴ ደግሞ ክፍሏን ለድንኳንና ለወንበር ማስቀመጫ ፈልጓት ነበር። "እስከ ወሩ መጨረሻ ስብሰባ የሚሠሩ ከሆነ ይቆዩ፤ ካልሠሩ ቆራሌው ይውሰዳቸው" ተባለ። እኔም ሳላስብ "እኔ አሠራቸዋለሁ" አልሁ። ሰው ደስ እንዲለው ስል ከአቅሜ በላይ ቃል መግባት የቆየ አመሌ ነው።

ኮሚቴው አንዱን ኮምፒውተር ሞጣ ወስጄ ለጠጋኙ እንዳሳይ ሰጠኝ። በነጠላ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌው፣ በሚኒባስ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባሁ። ጋሽ ኑሩ ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩ።

"ሳጥኑ የታለ?"

"ሳጥኑ ብቸና ነው ጋሼ። ኮሚቴው 'ይግዙ የሚለው ጽሑፍ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ውሰጂ' ብሎኝ ነው።"

ያመጣሁት ስክሪኑን ብቻ ነበር። ሳጥኑም መምጣት እንዳለበት በልቤ ጠርጥሬአለሁ። ነገር ግን ታላላቆቼን ማረም አልለመደብኝም።

ጋሽ ኑሩ ስክሪኑን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። "ልጄ፣ ሆዱን ያመመው ሰው ፊቱን ብቻ ሐኪም ቤት ላከ ማለት ነው" አሉ።

ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የተሰለፉት ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ጋሽ ኑሩ ግን ወደ ሰዎቹ ዞረው፣ "ምን ያስቃችኋል? እናንተስ በሽተኛ ስትጠይቁ ፊቱን አይታችሁ አይደል 'አሁንማ ተሽሎሃል' የምትሉት?" አሏቸው። ስክሪኑን መልሰው በነጠላው ጠቀለሉልኝ። "በሽተኛውን አታንከራቺው። ሐሙስ እመጣለሁ።"

ሐሙስ መጡ። ኢንተርኔት በሌለበት ሳምንት ስለነበር የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ በፍላሽ ይዘው ነበር የመጡት። አንዱን ኮምፒውተር ከፍተው የውስጡን አቧራ ጠረጉ፤ የነበረበትን ሁሉ አጥፍተው አዲስ ሶፍትዌር ጫኑበት። ስክሪኑ በራ። ጽሕፈቱ ይሠራል፤ ሥዕሉ ይሠራል። "ይግዙ" የሚል ነገር የለም። እኔ አጨበጨብሁ። እርሳቸው ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

"አምስቱስ ጋሼ?"

"አምስቱ መጽሐፉ ሲያልቅ።"

"የምን መጽሐፍ?"

"አንቺ የምትጽፊው ነዋ።"

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም። የጫኑት ኦፕን ሶርስ የሚባለውን፣ የውስጥ አሠራሩ ለፈለገ ሁሉ የተገለጠውን ሶፍትዌር ነበር። "ሰው ምን እንደሆነ ያላወቀውን ነገር ቤቱ አላስገባም" አሉኝ። "ነገ አንዲት ነገር እንቢ ስትል 'ያ የሞጣ ሰውዬ ያመጣብን ጣጣ' ነው የሚባለው። ሲገባቸው ግን የራሳቸው ይሆናል፤ የራስ ነገር ሲያስቸግርም ይታገሡታል። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው አንብቦ የሚገባው አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ያስፈልጋል። እኔ እጄ ለብሎን እንጂ ለብዕር አይሆንም። አንቺ ትጽፊያለሽ፤ እኔ አያለሁ። ስብሰባው ላይ ትታደላለች።"

በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ምዕራፍ ጽፌ ጠበቅኋቸው። እንዲህ ትጀምር ነበር፦ "ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ማለት የምንጭ ኮዱ ለተጠቃሚው ማኅበረሰብ ተደራሽ የሆነና በፈቃድ ስምምነት ማዕቀፍ ውስጥ የሚሰራጭ የሶፍትዌር ዓይነት ነው።" ይህን ስጽፍ ራሴን እንደ ትልቅ ምሁር ቆጥሬ ነበር። ጋሽ ኑሩ አንድ ጊዜ አነበቡና ዙሪያቸውን አዩ። እትዬ ጥሩዬ አዳራሹን እየጠረጉ ነበር። የእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ቁልፍ በእርሳቸው እጅ ነው።

"ለጥሩዬ አንብቢላት" አሉኝ።

አነበብሁ። እትዬ ጥሩዬ መጥረጊያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጥሞና አዳመጡኝ። ስጨርስም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው "አሜን" አሉ።

"እትዬ፣ ጸሎት እኮ አይደለም።"

"ውይ! ታዲያ ምንድን ነው? እኔ ያልገባኝን ሁሉ አሜን ማለት ለምዶብኝ ነው።"

ጋሽ ኑሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ሰጡኝና ሕጋቸውን ነገሩኝ፤ እትዬ ጥሩዬ "ምን ማለት ነው?" ያሉባት ዐረፍተ ነገር ሁሉ ቀይ ይሰመርባታል፤ እንደገናም ትጻፋለች። "የጠየቀ ሰው አላጠፋም፤ ያጠፋችው ዐረፍተ ነገሯ ናት።" በዚያች ቀን ደብተሬ በሙሉ ቀልቶ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ አብረን ሠራን። ቀላል ሰው ነበሩ ብዬ አልዋሽም። አንዲትን ገጽ ሰባት ጊዜ አጽፈውኛል። "ጥሩ ነው" የምትል ቃል ከአፋቸው አትወጣም፤ የምስጋናቸው ጣሪያ "ይቺ ትነበባለች" ነበር። አንድ ከባድ ቃል ካልተጠቀምሁ ብዬ ስከራከራቸው፣ "ቃል እንደ ብሎን ነው። ልኩ ያልሆነውን በግድ ካጠበቅሽው ጥርሱን ትበዪዋለሽ፤ ከዚያ በኋላ ልኩም ቢመጣ አይገባም" ይሉኛል። ሻያቸውን በአራት ማንኪያ ስኳር እየጠጡ፣ እኔ ስጽፍ ወደ መስኮቱ ዞረው ይቀመጣሉ። "ሰው ሲያየኝ መጻፍ አልችልም" ብዬአቸው ስለነበር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሬ፣ ወር ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ።

የመጽሐፏ ዋና ምሳሌ የተገኘው ከእትዬ ጥሩዬ ጋር ስናወራ ነው። "የውስጥ አሠራሩ የተገለጠ" የምትለዋ ለአራተኛ ጊዜ ቀይ ተሰምሮባት ተስፋ በቆረጥሁበት ቀን፣ ጋሽ ኑሩ የእድሩን ድንኳን እያዩ፣ "ጥሩዬ፣ ይህ ድንኳን ሲቀደድ ምን ታደርጊያለሽ?" አሏቸው።

"እሰፋዋለኛ!"

"ስፌቱን መፍታት ክልክል ነው ብትባዪስ? ሻጩ፣ 'አሠራሩን ማየት አይቻልም፤ ሲቀደድ እኔው እሰፋዋለሁ፤ በያመቱም ለመትከያ ትከፍላላችሁ፤ ለጎረቤት እድር ማዋስም አይቻልም' ቢልስ?"

እትዬ ጥሩዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጫኑ። "እንዲህ ያለ ድንኳንማ ይቅርብኝ። በዝናብ ይለቀስልኝ!"

ጋሽ ኑሩ ወደ እኔ ዞረው፣ "ጻፊያት" አሉ። ጻፍኋት። አንዱ ሶፍትዌር እንደዚያ የተቆለፈ ድንኳን ነው፤ ሌላው ደግሞ ስፌቱ የሚታይ፣ የሚችል ሰው የሚሰፋው፣ ለጎረቤት የሚሰጥ። ስፌት ለማያውቅ ሰውም ይጠቅማል፤ ሰፊ ፈልጎ ማሰፋት ይችላልና። እትዬ ጥሩዬ የሰሟት የመጀመሪያዋ ቀይ የሌለባት ገጽ ይቺ ነበረች።

ጉድለቱንም እንድጽፍ አስገደዱኝ። ከሌላ ቤት የመጣ ጽሑፍ አንዳንዴ መስመሩ ተዛንፎ እንደሚከፈት፣ አንዳንድ ፕሮግራም ጭራሽ እንደማይሠራበት፣ "ክፍት ነው" ማለት ስሕተት የለበትም ማለት እንዳልሆነ። "ይህን ካነበቡ እንቢ ይሉናል" ስላቸው፣ "ጉድለት የሚደብቅ የሚሸጥ ሰው ነው። እኛ ምን እየሸጥን ነው?" አሉኝ።

ስሕተቱን የሠራሁት በመጨረሻው ሳምንት ነው። ጋሽ ኑሩ ጉንፋን ይዟቸው ሐሙስ መምጣት አልቻሉም። ደውለው፣ "የመጨረሻዋን ገጽ ለጥሩዬ ሳታነቢ እንዳታባዢ" አሉኝ። እትዬ ጥሩዬ ልቅሶ ቤት ነበሩ። ስብሰባው እሑድ ነው። ጋሽ ኑሩን ደግሞ ተጠርዛ ባለቀች መጽሐፍ ላስደንቃቸው ፈለግሁ። እንደ ምንም አንዴ "ጥሩ ነው" ይሉኝ ይሆናል አልሁ። መዝጊያዋን ብቻዬን ጻፍሁ፦ "ይህ ሶፍትዌር እንደ ዝናብ ነው፤ ባለቤት የለውም፤ ለሁሉም ይዘንባል።" ደጋግሜ አነበብኋት። አማረችኝ። ሠላሳ ቅጂ አስነሣሁ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ኑሩ በአንገት ልብስ ተጀቡነው፣ እያሳላቸውም ቢሆን መጥተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መጽሐፏ ታደለች። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብለታል። ድንኳኗ ገጽ ላይ ሲደርሱ "በዝናብ ይለቀስልኝ!" እያሉ ወደ እትዬ ጥሩዬ እየዞሩ ሳቁ። ልቤ ረጋ።

የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ አያሌው ግን አልሳቁም። ጋሽ አያሌውን ብቸና የማያውቃቸው የለም። አንድ ጊዜ የባዘነ ወይፈን በረታቸው ገብቶ ቢያድር፣ በቤተ ክርስቲያንም በገበያም አስነግረው፣ ዓመት ሙሉ ቀልበውታል። የእርሻ ወራት ደርሶ አንድ በሬያቸው ሲታመም እንኳ ያን ወይፈን አልጠመዱትም፤ ከዘመድ በሬ ተውሰው አረሱ። ባለቤቱ ሲመጣ ሰብቶ፣ አምሮበት አስረከቡት። መጽሐፏን በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ እስከ መጨረሻዋ ቃል አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ተጽፏል። ድንኳኗም ገብታኛለች። ይህች የመጨረሻዋ ግን 'ባለቤት የለውም' ትላለች።"

"አዎ ጋሼ" አልሁ ፈገግ ብዬ። የተመሰገንሁ መስሎኝ ነበር።

"ዝናብ ባለቤት የለውም?"

አዳራሹ አጉረመረመ። ፊቴ ላይ ሙቀት ወጣ። "ማለቴ..."

"ልጄ፣ ባለቤት የሌለው ነገር የለም፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ነው ያለው። ባለቤቱ ያልታወቀ በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ምን እንደሚባል ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ እድር በሰው በሬ እንዲያርስ እኔ አልፈርምም።"

"አልሁ እኮ!" አለ ከመሀል አንዱ። "ድንኳኑ ደጅ እየበሰበሰ ነው። ቆራሌውን ጥሩት በቃ!"

ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። የአንድ ወር ድካም፣ የእህቴ ፈተና፣ ሁሉም በአንዲት ባማረች ዐረፍተ ነገር ሲፈርስ ቆሜ አየሁ። ወደ ኋላ ዞሬ ጋሽ ኑሩን ፈለግሁ። ተነሥተው ነበር። አንድ ማምለጫ ቃል ይፈልጉልኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"አቶ አያሌው እውነት ተናገሩ" አሉ። "ሐሰት ጽፈናል።"

እርሳቸው ግን ቀጠሉ።

"ባለቤት አለው። እንዲያውም ከአንድ በሬ ባለቤት የበለጡ ብዙ ባለቤቶች አሉት። ፈቃድ ስለሰጡን ነው የምንጠቀመው እንጂ ስለሌሉ አይደለም። ምሕረት፣ ኮምፒውተሩን ክፈችና ፈቃዱን አንብቢላቸው። በአማርኛ።"

የሚሠራውን አንዱን ኮምፒውተር ወደ አዳራሹ አወጣነው። ፈቃዱ ረጅም ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው። በላብ ተጠምቄ አንድ አንድ መስመር እየተረጎምሁ ማንበብ ጀመርሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ እትዬ ጥሩዬ እጃቸውን አወጡ።

"የሚፈቅደው ማን ነው?"

"የሠሩት ሰዎች ናቸው።"

"ለማን?"

"ለማንም። እጁ ለገባ ሁሉ።"

"መቅዳትም?"

"መቅዳትም፣ ከፍቶ ማየትም፣ ማስተካከልም፣ ለሌላ መስጠትም።"

"ነገ ሐሳባቸውን ለውጠው 'መልሱ' ቢሉንስ?"

ይህን አላወቅሁም። ጋሽ ኑሩን አየሁ። "ፈልገሽ አንብቢ" አሉኝ እንጂ አልነገሩኝም። ፈለግሁ፤ አገኘሁት። "ውሉን እስካከበርን ድረስ ፈቃዱ አይሻርም ይላል።"

"ውሉስ ምንድን ነው?" አሉ ጋሽ አያሌው። ወደ ፊት ቀረብ ብለው ነበር።

"ለሌላ ስንሰጥ እኛ የተቀበልነውን ፈቃድ ሳንቀንስ አብረን እንድንሰጥ። የሠሩትን ሰዎች ስም እንዳንፍቅ። የለወጥነው ነገር ካለ የለወጥነው እኛ መሆናችንን እንድንጽፍ። ደግሞ..." አመነታሁ። "ደግሞ፣ ቢበላሽ አንጠየቅም ይላሉ።"

"ይቺ የእውነተኛ ሰው ቃል ናት" አሉ ጋሽ አያሌው። አዳራሹ ሳቀ።

ጋሽ ኑሩ የሠሪዎቹን ስም ዝርዝር እንድከፍት ነገሩኝ። ስም ከስም በታች፣ ስም ከስም በታች፣ ገጹ አያልቅም። ጋሽ አያሌው ተነሥተው ወደ ስክሪኑ መጡ፤ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። እኔ እያነበብሁላቸው የማያውቋቸውን የሩቅ አገር ሰዎች ስም አንድ በአንድ ደገሙ። አንዳንዱ ስም አፋቸው ላይ አልገባ ሲላቸው እንደገና አስነበቡኝ። እንደ አቴንዳንስ ጥሪ ነበር፤ "አለሁ" የሚል ጠፋ እንጂ።

ደክሟቸው ቀና አሉ። "እንግዲህ ባለቤቱ ታወቀ። ፈቃዱም በሕዝብ ፊት ተነበበ። እኔ ከዚህ ወዲያ የምለው የለኝም፤ ኮምፒውተሮቹ ይቆዩ።" ጭብጨባው ሳይበርድ ግን እጃቸውን አነሡ። "መጽሐፏ ግን ሐሰት ይዛ ከዚህ ቤት አትወጣም። የቃለ ጉባኤያችን ሥርዓት ለእርሷም ይሠራል።"

የእድራችን ቃለ ጉባኤ ስሕተት ሲገኝበት አይፋቅም፤ ገጹም አይቀደድም። አንድ መስመር ይሰረዝበታል፤ እውነቱ ከላዩ ይጻፋል፤ ያጠፋው ሰው አጠገቡ ይፈርማል። ስሕተት ያለ ተጠያቂ አይቀመጥም ነው ነገሩ። ሠላሳውም መጽሐፍ ከየሰው እጅ ተሰብስቦ ፊቴ ተከመረ።

ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። ጋሽ ኑሩ በቃላቸው መሠረት የቀሩትን አምስቱንም ጠገኗቸው። እህቴ በዚያች ክፍል ዓመቱን ሙሉ ተለማምዳ፣ ማውሱን እንደ ልቧ እያዘዘች ተፈትናለች። ጋሽ አያሌው በሁለት ጣት ቃለ ጉባኤ መተየብ ተምረዋል፤ የሰፈሩ ልጆች ሲያዩአቸው ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። መጽሐፏ በፎቶ ኮፒም በቴሌግራምም ተባዝታ ደብረ ወርቅና ደጀን ደርሳለች፤ የማላውቀው ሰውም ስለ ስልክ አንድ ምዕራፍ ጨምሮባታል። ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ጋሽ ኑሩን ሳስብ የምመለሰው ወደዚያች እሑድ ከሰዓት ነው።

ሰዉ ወጥቶ አልቋል። የመጀመሪያዋን ቅጂ ገለጥሁ። "እንደ ዝናብ ነው፤ ባለቤት የለውም" የምትለዋን ሰረዝኋት። ከላዩ ጋሽ ኑሩ እያሰቡ፣ እትዬ ጥሩዬ እየጠየቁ ያወጣናትን ጻፍሁ፦ "ባለቤቶች አሉት፤ እንድንጠቀምበት፣ እንድንቀዳው፣ እንድናርመውና እንድንሰጠው ፈቅደውልናል።" አጠገቡ ፈረምሁ። ዕንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምፈርመው።

ጋሽ ኑሩ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ቅጂዋን ከእጄ ወሰዱና ከፊርማዬ ጎን የራሳቸውን ፈረሙ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ምን አጠፉ? ይህችን ገጽ እኮ አላዩዋትም!"

"አላየኋትም። ጥፋቴም ይኸው ነው። አያለሁ ብዬሽ ነበር።"

ሁለተኛዋን ሰጠኋቸው፤ ፈረሙ። ሦስተኛዋን፤ ፈረሙ። ደጅ የሚኒባሱ ረዳት "ሞጣ! ሞጣ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል። እትዬ ጥሩዬ በበሩ ብቅ አሉ።

"ጋሽ ኑሩ፣ የመጨረሻው መኪና ነው እኮ! ኋላ እንዳይቆጭዎት!"

"አንድ ሰው የሞላ እንደሆን ይሂድ። ሞጣ የትም አትሄድም።"

"እኔማ የምሰጥዎት መኝታ የለኝም!"

"እኔ ጋ ያድራል" አሉ ጋሽ አያሌው ከውጭ፤ የሄዱ መስሎን ነበር እንጂ በረንዳው ላይ ተቀምጠው መጠበቃቸውን አላወቅንም።

ሚኒባሱ ሄደ። ጥሩንባው በአስፋልቱ ላይ እየራቀ ሲሄድ ጋሽ ኑሩ አሥራ ምናምነኛዋን ይፈርሙ ነበር። አልተቻኮሉም፤ ፊርማቸውንም አላሳጠሩም። በመሀል ሲያስላቸው ብዕሩን አንሥተው፣ ሳሉ እስኪያልፍ ጠብቀው ይቀጥላሉ። ከሃያኛዋ በኋላ እኔም ማልቀሴን ተውሁ፤ እጃችን ተለማመደ፤ እኔ ስሰርዝ፣ ስጽፍ፣ ስፈርም፣ እርሳቸው ሲፈርሙ፣ ሥራ ሆነ። ሠላሳኛዋ ላይ ስንደርስ ፈርመው ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉባት። ከዚያ ዐረፍተ ነገሯን በጣታቸው መስመር ተከትለው፣ ድምፅ አውጥተው፣ እስከ ነጥቧ አነበቧት።

"ይቺ ጥሩ ናት" አሉ።